ከጎንደር ተነሥቶ በጀርመን አገር በሕጋዊ መንገድ ለመሥራት፦ ከቀበሌው ወረቀት እስከ መኖሪያ ፈቃዱ

ወደ አውሮፓ ሄዶ ሠርቶ ለመኖር የሚያስብ የጎንደር ሰው ዛሬም ሁለት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው ከአዘዞ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በመተማ በኩል ሱዳን፣ ከዚያም በረሃውን አቋርጦ ሊቢያና ባሕሩ ዳር የሚያደርሰው ነው። በዚህ መንገድ ሄደው ድምፃቸው የጠፋ ልጆች ያሉባቸውን ቤቶች ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን የሚካሄደው ጦርነት ደግሞ አደጋውን አባብሶታል። ሁለተኛው መንገድ የሚጀምረው ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው። ረጅም ነው፣ ወረቀቱም ይበዛል፤ ነገር ግን መጨረሻው ላይ ስምዎ የተጻፈበት የሥራ ውልና የመኖሪያ ፈቃድ አለ። ይህ መመሪያ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው።

እኔ ጎንደር ተምሬ በጀርመን አገር በነርስነት ሠርቼ የተመለስኩ ነኝ፤ አሁን ለጉዞ የሚዘጋጁ ወጣቶችን ሰነድ እያየሁ እረዳለሁ። ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር የብዙ ሰው ጉዞ የሚሰናከለው ገና ኤምባሲው ደጃፍ ሳይደርስ፣ እዚሁ ጎንደር ውስጥ ሥራዎቹ በተሳሳተ ቅደም ተከተል ሲጀመሩ መሆኑን ነው። ገንዘቡን አስቀድሞ ወረቀቱን የሚያስከትል ይከስራል፤ ቋንቋውንና ወረቀቱን አስቀድሞ ትልቁን ገንዘብ በስተመጨረሻ የሚያወጣ ግን ቢዘገይም ይደርሳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው እንዲከተሉ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ጀርመንን የመረጥኩት ስለማውቀው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሥራ ላይ የዋለውና በ2023 እና በ2024 የተሻሻለው የባለሙያ ሠራተኞች ፍልሰት ሕግ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ባለሙያ በሩን ከቀድሞው ይልቅ ሰፋ አድርጎ ከፍቷል። ወደ ሌላ አገር የሚያስቡ አንባቢዎችም ስለ ስም፣ ስለ ቀንና ስለ ትምህርት ሰነድ የጻፍኩት ይጠቅማቸዋል።

1. በየትኛው የቪዛ ዓይነት እንደሚሄዱ ይወስኑ

ዲግሪ ወይም ቢያንስ ሁለት ዓመት የፈጀ የሙያ ሥልጠና ኖሮት ከጀርመን ቀጣሪ የሥራ ውል ያገኘ ሰው በባለሙያ ሠራተኛ ቪዛ ይሄዳል። ዲግሪ ያለውና ደመወዙ ከፍ ያለ ከሆነ ብሉ ካርድ የሚባለውን ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2025 የተወሰነው ዝቅተኛ ያልተጣራ ደመወዝ በዓመት 48,300 ዩሮ ነበር፤ የሰው ኃይል እጥረት ላለባቸው ሙያዎች ወደ 43,760 ዩሮ ዝቅ ይል ነበር። መጠኑ በየዓመቱ ስለሚለወጥ በሚያመለክቱበት ዓመት ያለውን ይመልከቱ።

ውል ሳይኖረው እዚያው ሄዶ ሥራ ለመፈለግ የሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1 ቀን 2024 ጀምሮ «ሻንሰንካርተ» የሚባል፣ የዕድል ካርድ ልንለው የምንችለው ፈቃድ ተዘጋጅቶለታል። በአገሩ መንግሥት የታወቀ ዲግሪ ወይም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙያ ሥልጠና፣ ከዚያም ቢያንስ በኤ1 ደረጃ ጀርመንኛ ወይም በቢ2 ደረጃ እንግሊዝኛ ሊኖረው ይገባል (የቋንቋ ደረጃው ከጀማሪው ኤ1 ተነሥቶ በኤ2፣ በቢ1፣ በቢ2ና በሲ1 አልፎ እስከ ሲ2 ይወጣል)። ከዚህ በላይ በዕድሜ፣ በሥራ ልምድ፣ በቋንቋና በመሳሰሉት ቢያንስ 6 ነጥብ መሰብሰብ አለበት፤ ለምሳሌ ከ35 ዓመት በታች መሆን 2 ነጥብ፣ ቢ2 ጀርመንኛ 3 ነጥብ፣ ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ የ5 ዓመት የሙያ ልምድ 3 ነጥብ ያስገኛል። ካርዱ እስከ አንድ ዓመት የሚቆይ ሲሆን በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራትን ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ለሙሉው ጊዜ መተዳደሪያ የሚሆን ገንዘብ ማሳየት ግዴታ ነው፤ በ2025 መጠኑ በወር 1,091 ዩሮ ነበር። የኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ ቢያንስ ቢ1 ጀርመንኛ የሌለው ሰው ይህን ካርድ ይዞ ቢሄድ ዓመቱ ሥራ ሳያገኝ ያልቅበታል፤ የቤተሰቡንም ጥሪት ይዞ ይጠፋል።

12ኛ ክፍልን ጨርሶ ገና ሙያ ላልያዘ ወጣት የምመክረው «አውስቢልዱንግ» የሚባለውን የሙያ ሥልጠና ነው። ሠልጣኙ ከፊሉን ጊዜ በትምህርት ቤት፣ ከፊሉን በድርጅት ውስጥ እየሠራ ያሳልፋል፤ እንደ ሙያው ዓይነት ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮም ደመወዝ ይከፈለዋል። በሕዝብ ሆስፒታሎች የነርስነት ሠልጣኝ በመጀመሪያው ዓመት በወር ከ1,300 ዩሮ በላይ ያገኛል። ለዚህ ቪዛ በአብዛኛው ቢ1 ጀርመንኛ ይጠየቃል።

2. ቋንቋውን ከሁሉ አስቀድመው ይጀምሩ

ፓስፖርት ሳያወጡ፣ ሰነድ ሳያስተረጉሙ አስቀድመው ጀርመንኛ ይጀምሩ፤ ሌላው ሁሉ ወራት ሲፈጅ ቋንቋው ዓመት ይፈጃል። ከዜሮ ተነሥቶ ቢ1 ለመድረስ በተለምዶ ከ350 እስከ 650 የትምህርት ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል። በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚማር ሰው ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ላይበቃው እንደሚችል ከዚህ ማስላት ይቻላል።

የአማርኛ ተናጋሪ አንድ የተደበቀ ዕድል አለው። በጀርመንኛ ጥገኛ ሐረግ ውስጥ ግሡ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ በዚህ ሲቸገር እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምረን ግሡን እስከ መጨረሻው ጠብቀን የምንሰማ ነን። አስተማሪዎ በእንግሊዝኛ ሰዋስው በኩል ሲያስረዳዎ ካልገባዎ፣ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ አስበው እንደገና ያንብቡት።

በኤምባሲ ዘንድ ተቀባይነት ካላቸው ፈተናዎች ዋነኛው አዲስ አበባ በሚገኘው በጎተ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው ነው። ከቢ1 ጀምሮ ማንበብ፣ መስማት፣ መጻፍና መናገር እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚፈተኑ ክፍሎች ናቸው፤ በእያንዳንዱም ቢያንስ 60 ከመቶ ማምጣት ያስፈልጋል፤ በአንዱ የወደቀ ያንኑ ብቻ ደግሞ መፈተን ይችላል። የምስክር ወረቀቱ ቪዛ በሚጠየቅበት ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። በከተማችን ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ ስላለ የማዳመጫ ልምምዶችን አስቀድመው ወደ ስልክዎ አውርደው ያስቀምጡ።

3. ስምዎና የልደት ቀንዎ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁኑ

በዚህ ደረጃ ላይ ሰፋ አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ የወደቅሁት እዚህ ነው። በዲግሪዬ ላይ የአባቴ ስም በአንድ «ኤል»፣ በፓስፖርቴ ላይ በሁለት «ኤል» ተጽፎ ነበር። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ጀርመን አገር ላለው መርማሪ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። ይህን አስተካክዬ እስክጨርስ ሰባት ወር ጠፋብኝ፤ የጠበቀኝ ቀጣሪም ሌላ ሰው ቀጠረ።

ስማችን በግዕዝ ፊደል አንድ ሆኖ ሳለ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ብዙ መልክ ይይዛል። ፀሐይ፣ ጽጌ፣ ቅድስት፣ ኃይሉ የሚሉ ስሞች እያንዳንዳቸው ቢያንስ በሁለት መንገድ ይጻፋሉ። ወልደ ገብርኤል፣ ኃይለ ማርያምና ገብረ ሥላሴን የመሳሰሉ ድርብ ስሞች ደግሞ አንዴ ተያይዘው፣ አንዴ ተለያይተው ይጻፋሉ፤ ሲለያዩ የውጭ አገር ሹም ሁለተኛውን ቃል የአባት ስም አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀትዎን፣ የፋይዳ መታወቂያዎን፣ የ8ኛ፣ የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ውጤትዎን፣ ዲግሪዎን፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤዎንና ፓስፖርትዎን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ስሙን ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። ልዩነት ካለ፣ ፓስፖርት ገና ካላወጡ በዲግሪው አጻጻፍ እንዲወጣ ያድርጉ። ፓስፖርቱ ቀድሞ ከወጣ ግን ዲግሪ የሰጠው ተቋም እንዲያርም ይጠይቁ፤ ይህ ካልሆነ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ውሳኔ አውጥተው ከነትርጉሙ ያያይዙ።

በአውሮፓ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አለ፤ በእኛ ዘንድ የለም። በፓስፖርትዎ በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈው የአባትዎ ይሁን የአያትዎ፣ በጀርመን አገር ዕድሜ ልክዎን የሚጠሩበት ያ ነው። ባለትዳር ከሆኑ የሚስትና የባል የቤተሰብ ስም፣ የልጆችም ስም እንደሚለያይ፣ በአገራችን ሴት ስታገባ የባሏን ስም እንደማትወስድ የሚገልጽ አጭር ማብራሪያ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ብዙ ጥያቄ ያስቀራል።

የቀን ጉዳይም እንዲሁ ነው። በእኛና በእነሱ አቆጣጠር መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው፤ የሚረሳው የአንዷ ቀን ልዩነት ነው። ጥር 11 ቀን 1990 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት የተወለደ ልጅ የልደቱ ቀን ጃንዋሪ 19 ቀን 1998 ነው። ጥር 11 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደው ግን፣ ከዚያ በፊት ያለው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረ፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2000 ይሆናል። አንዱ ጸሐፊ ይህን ሳያስተውል ሲቀር በልደት ምስክር ወረቀቱና በፓስፖርቱ መካከል የአንድ ቀን ልዩነት ይፈጠራል፤ ያ አንድ ቀንም ማመልከቻን ያስመልሳል። ሰዓትን በተመለከተም በቀጠሮ ደብዳቤ ላይ 9፡00 የተባለው በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑን ለሽማግሌ ወላጆች ጭምር አስረድተው ይተዉላቸው።

የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ከቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ይጀምር። ይህ ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ ወረቀቱን የምናወጣው ዘግይተን ነው፤ ይህ ደግሞ ነውር የለበትም። የጋብቻ ጉዳይ ያላቸው ሰዎች ግን በተለይ ያስተውሉ፦ በተክሊል የተፈጸመ ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ሙሉ ቢሆንም፣ በወሳኝ ኩነት ካልተመዘገበ ኋላ የትዳር ጓደኛን ለማስመጣት የሚቀርብ ማስረጃ አይኖርም።

4. የትምህርትና የሙያ ሰነዶችን ያሰባስቡ

የመጀመሪያው ዲግሪዎ በእጅዎ ከሌለ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያልተከፈለ የወጪ መጋራት ነው። ይህን ጨርሰው ዋናውን ዲግሪና በዩኒቨርሲቲው ታሽጎ የሚሰጠውን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይውሰዱ። ጊዜያዊ ዲግሪ ለማመልከቻ ይበቃል የሚል ምክር ከሰሙ አይቀበሉት።

በከተማችን ያለው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከልነት ተጀምሮ፣ ቆይቶ የጎንደር የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ተብሎ፣ በ2004 ዩኒቨርሲቲ የሆነ ተቋም ነው። ከዚያ በፊት የተመረቁ ባለሙያዎች ዲግሪ ላይ ያለው ስም ዛሬ ካለው ስም ጋር ስለማይገጥም፣ ተቋሙ አንድ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ጠይቀው ማያያዝ አለባቸው።

የጤና ባለሙያ ከሆኑ ከዲግሪው ይልቅ የሚፈተሸው የትምህርቱ ዝርዝር ነው። በጀርመን ሕግ የነርስነት ትምህርት 2,100 ሰዓት የንድፈ ሐሳብና 2,500 ሰዓት የተግባር ትምህርት ያካትታል፤ የእርስዎም ከዚህ ጋር በሰዓት ይነጻጸራል። በትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ክሬዲት ብቻ ይህን አያሳይም። ስለዚህ በየትኛው ክፍል፣ በቀዶ ሕክምናም ሆነ በሕፃናት ወይም በማዋለጃ፣ ስንት ሰዓት በተግባር እንደሠሩ የሚያሳይ በማኅተም የተረጋገጠ ዝርዝር ከትምህርት ክፍልዎ ይጠይቁ። ይህን ወረቀት በእጁ ይዞ የሄደ ሰውና ሳይዝ የሄደ ሰው በእውቅናው ሂደት፣ ማለትም ጀርመን የውጭውን ትምህርት ከራሷ ጋር አነጻጽራ በምትቀበልበት ሥራ ውስጥ የሚያጋጥማቸው ነገር በጣም ይለያያል፤ የጎደለው ሰዓት ሁሉ በተጨማሪ ሥልጠና ወይም በፈተና የሚከፈል ነውና። ከዚህ ጋር የሙያ ፈቃድዎን፣ በሥነ ምግባር ጉድለት ያልተከሰሱ መሆንዎን የሚገልጸውን «ጉድ ስታንዲንግ» ደብዳቤና የሥራ ልምድ ማስረጃዎችን ያዘጋጁ። የቴክኒክና ሙያ ምሩቅ ከሆኑ ደግሞ ከዲፕሎማው ጋር የብቃት ምዘና ማረጋገጫውን፣ ማለትም ሲኦሲውን፣ ይያዙ።

ማረጋገጡ ቅደም ተከተል አለው። የከፍተኛ ትምህርት ሰነድ መጀመሪያ በሰጠው ተቋም፣ ቀጥሎ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ በመጨረሻም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ከአማርኛ የተተረጎመ ሰነድ በሕጋዊ ተርጓሚ ተሠርቶ፣ ሕዝቡ እስካሁን «ውልና ማስረጃ» እያለ በሚጠራው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት በኩል ያልፋል። አንዳንድ የጀርመን ባለሥልጣናት እዚያው አገር በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ ወደ ጀርመንኛ የተተረጎመውን ብቻ ስለሚቀበሉ፣ ከማስተርጎምዎ በፊት የሚያመለክቱበትን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ ሁለት ጊዜ መክፈል አያስፈልግም።

አዲስ አበባ ከጎንደር በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የመንገዱም ሁኔታ ሁልጊዜ አስተማማኝ ስላልሆነ ብዙ ሰው ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ መብረርን ይመርጣል። ይህ ወጪ ነው። የቋንቋ ፈተናውን፣ የሰነድ ማረጋገጡንና ከተቻለ ሌላውንም ጉዳይ በአንድ ጉዞ እንዲገጣጠም አድርገው ቀን ይያዙ።

5. እውቅናውን ከዚሁ ሆነው ይጀምሩ

ሙያዎች በሁለት ይከፈላሉ። ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስትና የመሳሰሉት ያለ መንግሥት ፈቃድ የማይሠሩ ሙያዎች ናቸው፤ ለእነዚህ እውቅና ግዴታ ነው። የሶፍትዌር ባለሙያ፣ የሒሳብ ባለሙያ ወይም መሐንዲስ ሆኖ በድርጅት ለሚቀጠር ሰው ግን ዲግሪው ከጀርመን ዲግሪ ጋር የሚነጻጸር መሆኑ ይበቃል። ይህን ለማየት «አናቢን» በሚባለው የጀርመን የመረጃ ቋት ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎንና የትምህርት ዓይነትዎን ይፈልጉ፤ ሁለቱም በበቂ ሁኔታ ካልተገለጹ የውጭ ትምህርት ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ከ200 ዩሮ ጥቂት በሚበልጥ ክፍያ የዲግሪ ምዘና ይሰጣል።

ለነርሶች የሚመጣው ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ እውቅና ሳይሆን የጎደለውን የሚዘረዝር ደብዳቤ ነው። ይህን ያገኘ ሰው አያዝን፤ በዚያው ደብዳቤ ጀርመን ገብቶ በረዳትነት እየሠራና ደመወዝ እያገኘ የማሟያ ሥልጠናውን መጨረስ ወይም የዕውቀት ፈተናውን መውሰድ ይችላል። ሙሉውን ፈቃድ ለማግኘት ግን ለነርስ በአብዛኛው ቢ2፣ ለሐኪም ደግሞ በሲ1 ደረጃ የሕክምና ቋንቋ ፈተና ይጠየቃል። የእውቅናው ክፍያ እንደ ክፍለ አገሩ ከ100 እስከ 600 ዩሮ ይደርሳል።

6. ቀጣሪ ይፈልጉ፤ ደላላን ግን በሕጉ ይለኩት

የጀርመን ፌዴራል የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያዎችን በነፃ ያወጣል፤ ሆስፒታሎችና ድርጅቶችም በየድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ማመልከቻው የሕይወት ታሪክ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤና የሰነዶች ቅጂ ነው። ደብዳቤውን ራስዎ ይጻፉት፤ በቃለ መጠይቁ ላይ ከደብዳቤው ያነሰ ጀርመንኛ ከተናገሩ እምነት ይጠፋል።

አሁን ስለ ደላላ። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት በኤጀንሲ በኩል ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው የቪዛውንና የጉዞውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው፤ ኤጀንሲውም ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ከዚህ በላይ ለጤና ባለሙያዎች አንድ ትልቅ ነገር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የጤና ባለሙያ እጥረት ያለባቸው 55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ትገኛለች፤ በጀርመን ደንብ ደግሞ በዚህ ዝርዝር ካሉ አገሮች የጤና ባለሙያዎችን መመልመልና ማገናኘት ለግል ድርጅቶች የተከለከለ ሲሆን የተፈቀደው ለፌዴራሉ የሥራ ስምሪት መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። ነርስ በራሱ ተነሣሽነት ቀጣሪን በቀጥታ መጠየቁን ግን ማንም አይከለክለውም። እንግዲህ ፒያሳ ላይ ቢሮ ከፍቶ «ለጀርመን ሆስፒታል ነርሶችን እንመለምላለን፣ ቅድሚያ ክፈሉ» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ፣ የሚነግርዎ ነገር ከጀርመን ሕግ ጋር የሚጋጭ መሆኑን ያውቃሉና ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ።

ውሉ ሲደርስዎ የሚከተሉትን ያንብቡ፦ ያልተጣራ ደመወዝ፣ የሳምንት የሥራ ሰዓት፣ የዓመት ዕረፍት፣ ከስድስት ወር ሊበልጥ የማይገባው የሙከራ ጊዜ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀጣሪው ለቋንቋ ወይም ለጉዞ ያወጣውን ገንዘብ ሥራ ሲለቁ መልሱ የሚል አንቀጽ መኖሩን። በውሉ ላይ 3,000 ዩሮ ቢጻፍ፣ ለብቻው የሚኖር ሰው ግብር፣ ጡረታና የጤና መድን ተቀንሶ በእጁ የሚገባው ወደ 2,000 ዩሮ ገደማ ነው። ለቤተሰብ ቃል ከመግባትዎ በፊት ይህንኑ ያስሉ።

7. ቪዛውን ይጠይቁ

እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ የጀርመን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለሥራ፣ ለሥልጠናና ለትምህርት የሚሆኑ የረጅም ጊዜ ቪዛዎችን በኢንተርኔት መጠየቂያ በር በኩል ይቀበላል፤ ሰነዱ ተሟልቶ ሲታይ አዲስ አበባ ቀርበው አሻራና ዋና ሰነዶችን እንዲሰጡ ይጠራሉ። ክፍያው ለአዋቂ 75 ዩሮ ነው። ቀጣሪዎ ፈቃደኛ ከሆነ በከተማው የውጭ አገር ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት 411 ዩሮ ከፍሎ ፈጣኑን ሂደት ሊያስጀምርልዎ ይችላል፤ ያ መሥሪያ ቤት ቪዛው እንዲሰጥ አስቀድሞ መስማማቱን የሚገልጸው ወረቀት ከወጣ በኋላ ቀጠሮውም ውሳኔውም በሦስት ሦስት ሳምንት እንዲሰጥ የታሰበ ነው። ይህን ለመጠየቅ አይፈሩ፤ ብዙ ቀጣሪዎች መኖሩን እንኳ አያውቁም። ዕድሜዎ ከ45 በላይ ከሆነ ከፍ ያለ ደመወዝ ወይም በቂ የጡረታ ዋስትና ማሳየት እንደሚጠበቅብዎ አስቀድመው ይወቁ።

ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ የሚመነዘር በመሆኑ ባጀትዎን በዩሮ ያስሉ፤ በብር ያሰሉት በጥቂት ወራት ውስጥ ሊጎድል ይችላል።

8. ከመነሣትዎ በፊት

ለእናትዎ፣ ለወንድምዎ ወይም ለሚያምኑት ዘመድ በውልና ማስረጃ ውክልና ሰጥተው ይሂዱ፤ ውክልናው ከትምህርት ተቋምና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰነድ ማውጣትን በግልጽ ይጥቀስ። በጤና ተቋም የሚሠሩ ከሆነ፣ በጀርመን ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1970 በኋላ የተወለደ የጤና ሠራተኛ የኩፍኝ ክትባት ማስረጃ ማቅረብ ስላለበት፣ ክትባቱን እዚሁ ወስደው በእንግሊዝኛ ያስጽፉ።

ዋና ሰነዶች በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ይሁኑ። እናቶች ለመንገድ የሚያዘጋጁትን ስንቅ በተመለከተም፣ በርበሬና ሽሮ ያልፋል፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከኅብረቱ ውጭ ወደ አውሮፓ ማስገባት ስለተከለከለ ቋንጣና ንጥር ቅቤ ግን ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል። ይህን ቀድመው ይንገሯቸው፤ የደከሙበትን ቅቤ ከሚጥሉት እዚሁ ለቤተሰብ ቢቀር ይሻላል።

9. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ቤት በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው የነዋሪዎች መሥሪያ ቤት መመዝገብ ግዴታ ነው፤ ለዚህ አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ይህን ወረቀት ለመስጠት እምቢ ከሚል ሰው ቤት አይከራዩ፤ ያለ ምዝገባ የግብር ቁጥርም፣ የባንክ ሒሳብም፣ መኖሪያ ፈቃድም አስቸጋሪ ነው። በምዝገባው ቅጽ ላይ ሃይማኖት ይጠየቃል። የካቶሊክና የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት አባል ተብሎ የተመዘገበ ሰው ከገቢ ግብሩ ላይ 8 ወይም 9 ከመቶ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይቆረጥበታል። ኦርቶዶክሳዊ ተዋሕዶ የሆነ ሰው «ክርስቲያን» ብሎ ብቻ ሳይመልስ «ኦርቶዶክስ» ብሎ በትክክል ያስጽፍ።

የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ላይ «ቀዝቃዛ» እና «ሙቅ» የሚባሉ ዋጋዎች አሉ፤ ሙቁ ማሞቂያና ሌሎች ወጪዎችን ይጨምራል። አከራይ የሚጠይቀው መያዣ ከሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ ሊበልጥ አይችልም። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ለስድስት ወር ብቻ ያገለግላል። ቪዛው ከማለቁ በፊት በውጭ አገር ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመኖሪያ ፈቃድዎን ይጠይቁ፤ ቀጠሮ ለማግኘት ወራት ሊፈጅ ስለሚችል በገቡበት ወር ይጀምሩ።

10. ከጀርመን ወደ ሌላ የአውሮፓ አገር ለመዛወር

በጀርመን መኖሪያ ፈቃድ በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥርን ወዳነሡት ሌሎች የሸንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መጓዝ ይቻላል፤ መሥራት ግን አይቻልም። ስዊድን ያለ ዘመድ ጠርቶኝ ሄጄ ሥራ ጀመርኩ ብሎ ፈቃዱን አደጋ ላይ የጣለ ሰው አውቃለሁ። ብሉ ካርድ የያዘ ሰው ከ12 ወር በኋላ በሌላ የኅብረቱ አገር ውል አግኝቶ መዛወር ይችላል፤ እዚያ በገባ በአንድ ወር ውስጥ ማመልከት አለበት። ዴንማርክና አየርላንድ ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሉም። በሌላ ፈቃድ ያለ ሰው አምስት ዓመት ከኖረ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት የረጅም ጊዜ ነዋሪነት ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ባለሙያ ሠራተኞች ከሦስት ዓመት በኋላ ሊያገኙት የሚችሉት ቋሚ ፈቃድ ከዚህ የተለየና በጀርመን ብቻ የሚያገለግል ነው፤ መዛወር የሚያስቡ ከሆነ በማመልከቻው ላይ የትኛውን እንደሚጠይቁ ለይተው ይጻፉ።

የጀርመን ዜግነት ከአምስት ዓመት በኋላ ሊጠየቅ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮም ጀርመን የቀድሞውን ዜግነት እንዲተዉ አትጠይቅም። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን ያጣል፣ በምትኩም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ይችላል። ይህን ውሳኔ ከማድረግዎ በፊት በጎንደር በስምዎ ያለውን ቤትና ቦታ በተመለከተ ከሕግ ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ፤ እስከዚያው ድረስ ፓስፖርትዎ ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው በርሊን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ እድሳት ይጠይቁ።